ሂሉክስ 2.5 ዲ-4ዲ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል (ኮድ ፒ0087)

ደሴ_መንገድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለቤቱ። መኪናው ሂሉክስ ደብል ካብ፣ 2010 ሞዴል፣ 2.5 ዲ-4ዲ፣ ሞተሩ 2ኬዲ፣ ካምቢዮው ማኑዋል፣ 287 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው።

ጠዋት ለመነሳት ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መዞር አለበት። ከተነሳ በኋላ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይነካ የሚዞርበት ዙር) ጸጥ ያለ ነው፤ ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም። ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲገባ፣ ለምሳሌ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ፣ 3ኛ ማርሽ ላይ ከ2,500 ዙር በላይ ነዳጅ ሲሰጠው ጉልበቱ ይወርዳል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መልስ የለውም። ሁለት ጊዜ ጨርሶ ጠፍቷል። 5 ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። ጥቁር ጭስ የለም። የናፍጣ ፊልትሮው ከተቀየረ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞላም። ኮምፒውተር ላይ የተነበበው ኮድ ፒ0087 ብቻ ነው።

የታየበት ጋራዥ የናፍጣ ፖምፓውና አራቱም ኢንጀክተሮች (ናፍጣ ረጪዎቹ) ይቀየሩ ብሏል። ያን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ምን ይፈተሽ?

---

ናፍጣ_መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ሰላም ወንድሜ። ፖምፓም ኢንጀክተርም አትግዛ፤ እዚያ ገና አልደረስክም።

ፒ0087 የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሬይሉ (የተጨመቀው ናፍጣ ለኢንጀክተሮቹ የሚከፋፈልበት ቱቦ) ላይ የጠየቀውን ግፊት አላገኘም። ለምን እንዳላገኘ አይናገርም። ግፊት የሚጠፋው ናፍጣው ፖምፓው ዘንድ በበቂ ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም ፖምፓው መጭመቅ ሲያቅተው፣ ወይም የተጨመቀው በኢንጀክተርና በሬይል በኩል ወደ ሪተርን (የትርፍ ናፍጣ መመለሻው) ሲያመልጥ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ኪስ ያራቁታሉ፣ የፊተኛው ግን ብዙ ጊዜ በቱቦና በፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ያልቃል። ስለዚህ ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) ጀምረህ ወደ ሞተር እየመጣህ ፈትሽ እንጂ ከሞተር ጀምረህ ወደ ኋላ አትሂድ።

ምልክቶችህ ራሳቸው ወደዚያ ይጠቁማሉ። ሚኒሞው ደህና ሆኖ ጭነት ላይ ብቻ መድከሙ፣ ሲደክም ጥቁር ጭስ አለመኖሩ፣ ትንሽ ቆሞ መዳኑ፣ ሦስቱም የናፍጣ እጥረት ምልክት ናቸው። የአየር እጥረት ቢሆን ያጨስ ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በል። የዚህ ዘመን ሂሉክስ (ከ2005 እስከ 2015 ያለው ኬዲ ሞተር) ሰልባትዮው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለውም። ናፍጣውን ከሰልባትዮ ጎትቶ የሚያመጣው ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሙሉ እየተሳበ እንጂ እየተገፋ አይደለም። ስለዚህ ቱቦ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። መሬት ላይ ጠብታ ፈልጎ "መስመሩ ደህና ነው" ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ነገ ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ምንም የማያስከፍል ሙከራ አድርግ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ ጫን ጫን አድርገው። ከዚያ አስነሳ። ወዲያው ከተነሳ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ እየተመለሰ፣ በቦታው አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለው ኢንጀክተር መጠርጠር ትጀምራለህ።

---

ኮመን_ሬይል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ኤስሲቪው መዘንጋት የለበትም። ፖምፓው ጀርባ ላይ በሁለት ቡሎን የታሰረች ቫልቭ ናት፤ ወደ መጭመቂያው የሚገባውን ናፍጣ የምትመጥነው እሷ ነች። ዝቃጭ ወይም ዝገት ሲይዛት ትጣበቃለች። በዚህ ኪሎ ሜትር መጠርጠሯ ተገቢ ነው። ሙሉ ፖምፓ ከመቀየር እሷን ብቻ መቀየር ዋጋው በጣም ይለያያል፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ ፖምፓ በእሷ ምክንያት ተጥሏል።

በመልቲሜትር መለካት ይቻላል። ሶኬቷን ነቅለህ በሁለቱ እግሮች መካከል ስትለካ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 2 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ በጣም ከራቀ ወይም ጨርሶ ካላነበበ ያለ ክርክር ይቀየር። ግን ኦሙ ደህና ነው ማለት ቫልቯ ደህና ናት ማለት አይደለም፤ መጣበቅ በኦም አይታይም።

---

ናፍጣ_መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

ኮመን_ሬይል፣ በኤስሲቪው እስማማለሁ፣ በቅደም ተከተሉ ግን አይደለም። የተጣበቀ ኤስሲቪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ሚኒሞ ላይ ነው የሚያጋልጠው። ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እግር ከፔዳል ሲነሳ በድንገት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ግፊቱ ከተጠየቀው በላይ ወጥቶ ፒ0088 ወይም ፒ1229 ይመዘግባል። የእሱ ሚኒሞ ጸጥ ያለ ነው፤ የተመዘገበውም የማነስ ኮድ ብቻ ነው።

የሚለያቸው የቀጥታ ንባብ ነው። ስካነር ላይ የተፈለገውንና የተገኘውን የሬይል ግፊት ጎን ለጎን ከፍቶ ዳገት መውጣት። የተገኘው ከተፈለገው በላይና በታች እየተወዛወዘ ከሄደ ኤስሲቪ ነው። ሚኒሞ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ቆይተው ጭነት ሲመጣ የተገኘው ብቻ ቀስ እያለ ወደ ታች ከተንሸራተተ የናፍጣ ረሃብ ነው።

---

ሽቦና_ሴንሰር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ከኤሌክትሪክ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የሬይል ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ መሆኑን አረጋግጥ። መኪናው ሌሊቱን አድሮ፣ ቁልፉ ኦን ሆኖ ሞተር ሳይነሳ ስካነሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። 10 ወይም 15 ሜጋ ፓስካል ካሳየ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው እየዋሸህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታነበው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። 1 ሜጋ ፓስካል ማለት 10 ባር ነው፤ አንዳንዱ ስካነር በአንዱ፣ አንዳንዱ በሌላው ስለሚጽፍ አትደናገር።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የፖምፓውንና የሬይሉን ሶኬቶች እንዲሁም ወደ እነሱ የሚሄደውን ሽቦ በእጅ ቀስ ብለህ አነቃንቅ። ከተንተፋተፈ ወይም ከጠፋ ችግሩ እዚያ ነው። በ280 ሺህ ኪሎ ሜትር የሶኬት መቆለፊያ ፕላስቲክ ተሰብሮ በላስቲክ ታስሮ መገኘቱ የተለመደ ነው።

---

ደሴ_መንገድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዛሬው ውጤት፦ በእጅ ፖምፓ ከተሞላ በኋላ በ1 ሰከንድ ተነሳ። ሴንሰሩ ቁልፍ ኦን ላይ 0 ነው። ኤስሲቪው 2.1 ኦም። ሽቦ ሲነቃነቅ ለውጥ የለም። ሚኒሞ ላይ የተፈለገው 31፣ የተገኘው 31 ሜጋ ፓስካል። ጭነት ላይ ሲነዳ የተፈለገው 112 ሲሆን የተገኘው እየወረደ 64 ደረሰ፤ መብራቱም በራ።

---

ናፍጣ_መስመር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

በጣም ጥሩ፤ ሥዕሉ ጠርቷል። መወዛወዝ የለም፣ መንሸራተት ነው። ጠዋት በእጅ ሲሞላ መነሳቱ ደግሞ አየር እንደሚገባ ይነግርሃል። አሁን የሚገባበትን ቦታ መለየት ነው።

ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦ ግዛ፤ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ከመኪናህ ጎማ ቱቦ ጋር አመሳስለህ ግዛ፤ ከሰፋ ራሱ አየር ያስገባና ያሳስትሃል። ከፊልትሮው መውጫ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ በዚህ ተካና ሁለቱን ጫፍ በፋሼታ እሰር። በእጅ ፖምፓ ሙላ፣ አስነሳ፣ ለ2 ደቂቃ ተወው። መጀመሪያ ላይ የሚያልፉት አረፋዎች ስትፈታ የገቡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ዙሩን ወደ 3,000 አድርሰህ ቱቦውን ተመልከት። በጤነኛ መስመር ቱቦው የሞላ፣ የረጋ፣ እንደ ጠራ ሻይ ያለ ነው። አየር ካለ እንደ ጨሌ የተሰካኩ አረፋዎች ተከታትለው ሲሮጡ ታያለህ።

አረፋ ካየህ ጀሪካን አምጣ። ንጹሕ የ5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ የተጣራ ናፍጣ አድርገህ ከሰልባትዮ ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ቱቦ ንቀልና በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ ቱቦ አስገባ። ጫፉ ከናፍጣው በታች ይሁን። ሪተርኑ ወደ ሰልባትዮ ስለሚመለስ ጀሪካኑ ቶሎ ይወርዳል፤ እንዳያልቅ ተከታተል። ጀሪካኑ ከማርሚታና ከፋን ራቅ ብሎ ይታሰር፤ ይህ ሙከራ ቆሞ ብቻ ነው፣ እንዲህ ሆኖ መንገድ አይወጣም።

አረፋው ከቀጠለ ችግሩ ፊልትሮው ላይ ነው፦ የእጅ ፖምፓው ዲያፍራም፣ የፊልትሮው ኦሪንግ፣ ታች ያለው የውሃ ማፍሰሻ ወይም የውሃ ሴንሰሩ ማተሚያ (እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማ)። አረፋው ከጠፋ ችግሩ ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው። ያኔ ጀሪካኑን ይዘህ ወደ ኋላ ሂድ፤ ሻንሲው ሥር የብረት ቱቦው ሰልባትዮ አጠገብ ከጎማ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አስገባውና ድገም። በሁለት ሙከራ መስመሩን ከፍለህ ጨረስከው።

አየርና መደፈን አብረው ስለሚመጡም ይህን ጨምር። ከፊልትሮው በፊት በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) የሚገባ የመሳብ ጌጅ ካገኘህ፣ ዙር ሲጨምር መሳቡ እየከበደ ከሄደ መስመሩ ተደፍኗል፤ መሳቡ ቀላል ሆኖ አረፋ ብቻ ካለ ቀዳዳ ነው። ጌጅ ከሌለ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍተህ ፈትን። ሲከፈት ፉጨት ካሰማና ጉልበቱ ከተመለሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል።

---

ኮመን_ሬይል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

አደጋውን የጻፈልኝ የለም እንዳትል፦ ከፖምፓው እስከ ሬይል፣ ከሬይል እስከ ኢንጀክተር ያሉትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሞተር እየሠራ አትፍታ። ድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ላይ "አየር አውጣ" ተብሎ የሚደረገው ልማድ እዚህ ይገድላል። እዚያ ውስጥ ጭነት ላይ ከ1,000 ባር በላይ አለ። ፍሳሽ ስትፈልግ እጅህን አታስጠጋ፤ ቁራጭ ካርቶን ያዝ። ቆዳ የበሳ ናፍጣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። ሞተር ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ፍታ።

---

ጅዳ_27 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

ሰላም። የእኔ ሂሉክስ 2.7 ቤንዚን ነው፤ በሙቀት ሰዓት ተመሳሳይ ጉልበት ማጣት አለው። ይኸው ሙከራ ይሠራል?

---

ናፍጣ_መስመር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:00

አይሠራም፤ የቤንዚኑ ተቃራኒ ነው። የእሱ ፖምፓ ሰልባትዮ ውስጥ ነው፤ መስመሩ ይገፋል እንጂ አይሳብም። ቀዳዳ ካለ ቤንዚን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይሸታል። አንተ የምትለካው ግፊት ነው፤ በዚያ ሞተር 2.8 ባር አካባቢ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠውም መውረድ የለበትም። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ከወረደ ፖምፓውን፣ የፖምፓውን ሪሌይና ሶኬቱን እይ። ሰልባትዮው ሩብ ሳይደርስ መሙላትም ይረዳል፤ ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ራሱ ነው። በግልጽ ቱቦ ግን በቤንዚን ላይ አትሞክር፤ እሳት ነው። ለብቻው ክር ክፈትለትና እንነጋገርበት።

---

አሮጌ_ሂሉክስ | ረቡዕ፣ ቀን 7:25

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ባለ 3ኤል ሞተር የድሮ ሂሉክስ ካለ ምልክቱ አንድ ከሆነ አካሄዱ ይለያል?

---

ኮመን_ሬይል | ረቡዕ፣ ቀን 8:05

የመሳቢያው መስመር ፍተሻ አንድ ነው። ልዩነቱ ፖምፓው ላይ ነው። ያንተ ሜካኒካል ፖምፓ ላይ አንድ ሽቦ የገባባት የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ አለች። ቁልፍ ኦን ሲሆን "ጠቅ" ማለት አለባት፤ ሽቦዋ ላይም 12 ቮልት መገኘት አለበት። ሽቦው ላልቶ ከሆነ ሞተሩ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ ብሎ ይጠፋል፣ ሲነካ ይነሳል። በናፍጣ እጥረት የሚጠፋ ግን ተንተፋትፎ፣ ተንገዳግዶ ነው የሚጠፋው። አጠፋፉን አዳምጠው፤ ብዙ ይነግርሃል።

---

ደሴ_መንገድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ውጤት፦ በግልጹ ቱቦ ሚኒሞ ላይ አልፎ አልፎ አንድ አረፋ፤ 3,000 ዙር ላይ ልክ እንደተባለው ተከታታይ። ክዳን ሲከፈት ለውጥ የለም። ጀሪካኑ ፊልትሮው ላይ ሲገባ አረፋው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሰልባትዮው አጠገብ ሲገባም ጠፋ። ስለዚህ የብረት ቱቦው ደህና ነው፤ ችግሩ ሰልባትዮው ላይ ካለው አጭር ጎማ ቱቦ ወይም ከውስጥ ነው። ሰልባትዮ እንዴት ይውረድ?

---

ናፍጣ_መስመር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ጥሩ ሠርተሃል። ሰልባትዮ ማውረድ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ግን ባዶ መሆን አለበት። ግማሽ የሞላ ሰልባትዮ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፣ ውስጡም ይወዛወዛል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፤ የናፍጣ መጠን ጌጁን ሶኬት የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። ናፍጣውን ከታች ባለው ማፍሰሻ ቡሎን ወደ ንጹሕ ዕቃ አውርድ። የመጀመሪያውን 2 ሊትር ለብቻው በግልጽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘው፤ በኋላ ታየዋለህ። ከዚያ የመሙያውን ትልቅ ጎማ ቱቦና የመተንፈሻውን ቀጭን ቱቦ ፍታ፣ ከሰልባትዮው ሥር ጣውላ አግድመህ በክሪክ ደግፍ፣ የመያዣዎቹን ቡሎኖች ፈትተህ አንድ ስንዝር ብቻ አውርድ። ሙሉ በሙሉ ከማውረድህ በፊት በእጅህ ገብተህ ከላይ ያሉትን ቱቦዎች ንቀል፤ ሳትነቅል ካወረድክ የፕላስቲኩ ወይም የብረቱ አፍ ይሰበራል።

የጎማ ቱቦውን በዓይን ብቻ አትመርምር። ጫፉን ይዘህ እጠፈው። የደረቀ ጎማ ቀጥ ሲል ምንም አይታይበትም፤ ሲታጠፍ ፋሼታው የነከሰበት ቦታ ላይ አፉን ይከፍታል። የምትተካው ቱቦ የናፍጣ መሆኑን አረጋግጥ። የውሃ ጎማ በጥቂት ወር ውስጥ ያብጥና ከውስጡ ተልጦ ፊልትሮ ይደፍናል። ፋሼታውም ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፤ ባለ ጥርሱ ጎማውን ይቆርጣል።

የመሳቢያውን ቱቦ ስታወጣ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ተመልከት። ወንፊቷ ከታፈነች ፖምፓው አጥብቆ ይስባል፤ አጥብቆ ሲስብ በደካማው ጎማ በኩል አየር ይጎትታል። ሁለቱ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ቱቦውን ብቻ ቀይረህ ወንፊቷን ከተውካት አረፋው ይጠፋል፣ ዳገቱ ላይ ግን ይደክምሃል። 5 ደቂቃ ቆሞ መዳኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ መሳቡ ሲቆም ወንፊቷ ላይ የተለጠፈው ቆሻሻ ይለቃል፣ ስትነዳ ተመልሶ ይለጠፋል።

---

ጠርሙስና_ሚዛን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:00

የወረደውን የ2 ሊትር ጠርሙስ አትድፋው። 24 ሰዓት ሳይነካ አስቀምጠው። ከታች የተለየ፣ ሲዘነበል እንደ ኳስ የሚንከባለል ነገር ካለ ውሃ ነው። በውሃውና በናፍጣው መካከል እንደ አተላ ያለ ጥቁር ቡናማ ልስልስ ካለ ውሃው ውስጥ የሚባዙ ተሕዋስያን ናቸው፤ ወንፊት የሚያፍኑት እነሱ ናቸው። የሚኖሩት ውሃ ስላለ ነው፤ ውሃውን ካላስወገድክ መድኃኒት ብትጨምርም ይመለሳሉ።

ውሃ የሚገባው በጀሪካን ተገዝቶ በሚሞላ ናፍጣና በክዳኑ ማተሚያ ብቻ አይደለም። ሰልባትዮ ባዶውን ሲያድር ውስጡ ያለው አየር በሌሊት ብርድ ጤዛ ይሆናል። በደጋው፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ናፍጣ ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ በክብደት ይቻላል። ጠርሙስ ላይ ምልክት አድርግና እስከ ምልክቱ ውሃ ሙላ፣ የውሃውን ክብደት በዲጂታል ሚዛን መዝን፤ ስንት ግራም እንደሆነ ያ ነው የጠርሙሱ ሚሊ ሊትር። አድርቀህ እስከዚያው ምልክት ናፍጣ ሙላና መዝን። የናፍጣውን ግራም ለውሃው ግራም አካፍል። ናፍጣ ከ0.82 እስከ 0.86 ነው፤ ነጭ ጋዝ ከ0.78 እስከ 0.81። ይህ 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቁጥሩ በ0.007 አካባቢ ስለሚወርድ በቀትር አትመዝን። 0.80 ካገኘህ ያንን ናፍጣ ሰልባትዮ ውስጥ አትመልሰው። ፖምፓውና ኢንጀክተሩ የሚለሰልሱት በናፍጣው ቅባት ብቻ ነው፤ ነጭ ጋዝ ያንን ቅባት ያሳጣቸዋል።

---

ኮመን_ሬይል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:18

ለዚህ ነው ኤስሲቪውን አውጥተህ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ተመልከት የምለው። የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ካለ ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው። ያኔ ፖምፓ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ዱቄቱ ሬይሉ፣ ቱቦዎቹ፣ ኢንጀክተሮቹና በሪተርኑ በኩል ሰልባትዮው ውስጥ ሁሉ ደርሷል። ዱቄት ከሌለ አዲስ ኦሪንግ ናፍጣ አስነክተህ መልሰው።

---

ደሴ_መንገድ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

ሰልባትዮው ወረደ። የመሳቢያው ጎማ ቱቦ ሲታጠፍ ከፋሼታው ሥር 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ተከፈተ፤ ሳይታጠፍ ምንም አይታይም ነበር። ወንፊቷ ከግማሽ በላይ በጥቁር ልስልስ ተሸፍናለች። ጠርሙሱ ከታች አንድ ጣት የሚሞላ ውሃ አለው። ክብደቱ 0.83 ወጣ። ኤስሲቪው ቀዳዳ ላይ ብልጭታ የለም።

ሰልባትዮው በምን ይታጠብ? ፊልትሮውስ ገና አዲስ ስለሆነ ይቆይ?

---

ናፍጣ_መስመር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:05

በውሃና በሳሙና እንዳታጥበው። 3 ወይም 4 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ ጨምረህ እያገላበጥክ አውጣ፤ የሚወጣው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገመው። ማዕዘኖቹን ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረግ። ወንፊቷን በለስላሳ ብሩሽና በናፍጣ እጠባት፤ በኮምፕሬሰር ከፊት ለፊት አትምታት፣ ትቀደዳለች። ከተቀደደች ይተካ፤ ያለ ወንፊት አትግጠም። የብረት ቱቦውን ሁለቱንም ጫፍ ነቅለህ በቀላል አየር ወደ ኋላ ንፋው፤ እዚያም ውስጥ ልስልሱ አለ።

ፊልትሮው ይቀየር፤ ያን ሁሉ የጠጣው እሱ ነው። የውሃ ሴንሰሩን ሶኬት ንቀል፣ ከታች አፍስስ፣ ፊልትሮውን ፍታ፣ ሴንሰሩን ከአዲስ ኦሪንግ ጋር ወደ አዲሱ አዛውር። የአዲሱን ጎማ ማተሚያ ናፍጣ አስነካው፣ በእጅህ አስጠጋው፣ ማተሚያው ከነካ በኋላ 3/4 ዙር ብቻ ጨምር። አሮጌው ማተሚያ ከላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን እይ፤ ሁለት ማተሚያ ከተደራረበ አየር ማስገባቱ አይቀርም። ፊልትሮውን ከጀሪካን በቀጥታ አትሙላው፤ በመካከለኛው ቀዳዳ የምታፈሰው ሳይጣራ ፖምፓው ውስጥ ይገባል። በእጅ ፖምፓው ነው የሚሞላው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪጠነክር ጫን። ሞተሪኖውንም ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙረው፤ አሳርፈው፣ በእጅ ደግመህ ሙላ።

ፊልትሮ ስትገዛ ዋጋው ብቻ አይመራህ። ሶማሌ ተራም (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) ሆነ ሌላ ቦታ ካርቶኑ አንድ ሆኖ ውስጡ የሚለያይ አለ። የላይኛውን ቀዳዳ ተመልከት፤ የወረቀቱ እጥፋት የተራራቀና ዝንፍ ያለ፣ ማጣበቂያው የተዝረከረከ ከሆነ ተወው።

---

ደሴ_መንገድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:50

ሁሉም ተሠራ፦ የናፍጣ ጎማ ቱቦ 40 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ለስላሳ ፋሼታ፣ ፊልትሮ፣ ወንፊት ታጥባ ተመልሳለች። ግልጹ ቱቦ ላይ 3,000 ዙር ላይ አንድም አረፋ የለም። ጠዋት ያለ እጅ ፖምፓ በ1 ሰከንድ ይነሳል። በዚያው ጭነት ጣርማ በር ድረስ የተፈለገው 118፣ የተገኘው ከ116 እስከ 119 ሜጋ ፓስካል። ኮዱ አልተመለሰም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስካነሩ ላይ የኢንጀክተሮቹ ማስተካከያ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ናፍጣ) ሚኒሞ ላይ 1ኛ −0.8፣ 2ኛ −1.1፣ 3ኛ +2.6፣ 4ኛ −0.7 ነው። 3ኛው ይቀየር?

---

ኮመን_ሬይል | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:35

ከ−3 እስከ +3 ድረስ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ስለዚህ አይቀየር። ግን ጻፈውና በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አወዳድረው። ወደ 4 ከሄደ መፈተሻ ማሽን ላይ ይታይ።

አንዳንዶች 4 ጠርሙስ በየኢንጀክተሩ ሪተርን ላይ አስረህ ለካ ይሉሃል። ኬዲ ላይ የሪተርኑ ቱቦ ከቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ሥር ስለሆነ ያ በቀላሉ አይሆንም፤ ከውጭ የምታገኘው የአራቱን ድምር ብቻ ነው። ኢንጀክተሮቹና ሪተርኑ ከክዳኑ ሥር መሆናቸው ሌላ ጣጣም አለው። ኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ማተሚያዎች ሲያረጁ የተቃጠለ ጋዝ ከክዳኑ ሥር ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸቱ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ ብሮንዚናና ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ ከነመቀመጫው) ይበላሻሉ። በ287 ሺህ ኪሎ ሜትር ማተሚያዎቹ ተቀይረው የማያውቁ ከሆነ 3ኛውን ከመጠርጠር በፊት ያንን አሠራ። ኢንጀክተር በወጣ ቁጥር ማተሚያው አዲስ ይሁን፣ መቀመጫው ከካርቦን ይጽዳ፤ ወደ ሌላ ሲሊንደርም አታዛውር። ራሱ ላይ የማስተካከያ ኮድ የተጻፈበት ኢንጀክተር ከተተካ ኮዱ በቴክስትሪም (የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር) ኮምፒውተሩ ላይ መግባት አለበት፤ ካልገባ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። አዲስ ኢንጀክተር ሲገባ ከሬይል የሚመጣው የብረት ቱቦም አዲስ ነው የሚገባው።

---

ደሴ_መንገድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50

ማተሚያው እየፈሰሰ መሆኑ ሳይፈታ በምን ይታወቃል?

---

ኮመን_ሬይል | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ቀዳዳው ላይ ዝም ብለህ አስቀምጠው። በትንሹ መንቀጥቀጡ ጤና ነው። በየምቱ "ቹፍ ቹፍ" እያለ ክዳኑን የሚገፋ ከሆነ ጋዝ እየመጣ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ የዘይት መብራቱ ለመጥፋት ከ3 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ደግሞ መኪናውን አቁመህ ኮፓውን አስፈታ፤ ያኔ ወንፊቱ መታፈን ጀምሯል ማለት ነው።

---

ናፍጣ_መስመር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:25

ከእኔ በኩል አንድ የቀረ፦ ሰልባትዮ ከታጠበ በኋላ የተላቀቀ ቆሻሻ ለጥቂት ጊዜ ይመጣል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የፊልትሮውን ማፍሰሻ ሁለት ዙር ፈትተህ በእጅ ፖምፓው እየገፋህ ግማሽ ብርጭቆ ናፍጣ በጠርሙስ ያዝ። ውሃ ወይም ልስልስ ከታየ ሌላ ፊልትሮ ያስፈልግሃል፤ ከጠራ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ግልጹን ቱቦም ፈትተህ ዋናውን ጎማ መልስ፤ በሞተር ሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

---

ደሴ_መንገድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40

ክዳኑ ተቀምጦ ታየ፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይገፋም። የዘይት መብራቱ ወዲያው ይጠፋል። ግልጹ ቱቦ ነገ ጠዋት ይወጣል፤ የ500 ኪሎ ሜትሩን ጠርሙስ ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ።